ጀርባችንን ለመንገዱ ሰጥተን

ልጅ ሳለሁ ባቡር አይቼ አላውቅም፤ የባቡር ጨዋታ ግን ከማንም በላይ እችል ነበር። አባቴ አስናቀ ያደገው ሞጆ ጣቢያ አጠገብ ነው። እሱና የሰፈሩ ልጆች ጆሯቸውን ሐዲዱ ላይ ለጥፈው፣ ባቡሩ ገና ሳይታይ፣ የሰው ይሁን የዕቃ፣ ከላይ ይምጣ ከታች ይናገሩ ነበር። የተሳሳተ ኩርኩም ይቀምሳል። ሾፌር ሆኖ አርባ ምንጭ ገብቶ፣ እናቴን ወለቴን ከገረሴ አግብቶ፣ እኔንና በርናባስን ከወለደ በኋላ ጨዋታውን ለእኛ አስተማረን። አርባ ምንጭ ሐዲድ የለም። ቤታችን ግን ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣው ዳገት ኩርባው ላይ ስለነበር፣ የትኛውም መኪና ማርሽ ሳይቀይር አያልፈንም።

ደንቡ አንድ ነው፤ የድንጋዩ ካብ ላይ ጀርባህን ለመንገዱ ሰጥተህ ትቀመጣለህ። ዞሮ ማየት ክልክል ነው። «አይቶ ማወቅማ ፍየልም ታውቃለች» ይል ነበር አባቴ።

የሶዶው አውቶቡስ ዳገቱ መሃል ላይ ያስነጥሰዋል። ከጫሞ ዓሣ የሚያመጣው ፒካፕ የኋላ በሩ ስለማይገጥም እየተንኳኳ ነው የሚመጣው። የላንቴን ሙዝ የሚጭነው ኢሱዙ ባዶውን ሲሆን ይፈነጫል፣ ሲሞላ ያቃስታል። የወታደሮቹን ኡራል ለማወቅ ጆሮም አያስፈልግ፤ ካቡ ራሱ ከሥራችን ይንቀጠቀጣል። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ በርናባስ ስድስት። በጆሮ ግን ይበልጠኝ ነበር። ይህን አሁን ነው የምናገረው፤ ያን ጊዜ ብትገድሉኝ አላምንም።

አባቴ የሚነዳው የጋሽ ሸዋንዳኝን ኤንትሬ ነበር፤ ያንን አፍንጫው የተደፈጠጠ አሮጌ የፊያት ጭነት መኪና። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ከተበሳ ቆይቷል፤ ዳገቱ ሥር ሲደርስ ጀምሮ እንደ ጉንፋናም ሽማግሌ ያጉረመርማል። ኩርባው ላይ አባቴ ፍሪሲዮኑን ይረግጣል፣ ጋዝ ይሰጣል፣ እንደገና ይረግጣል፣ ማርሹ ኮሽ ሳይል ይገባል። ከዚያ አንዲት አጭር ክላክስ። እሷ ለእኛ ነበረች።

ሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ ስኳርና ሳሙና ጭኖ ወደ ጂንካ ወረደ። እናቴ የመውለጃዋ ወር ገብቶ ነበር። ሳትወልጂ እደርሳለሁ ብሏት ሄደ። አልደረሰም። ወንድ ልጅ ወለደች፤ አልመጣም። የወይጦ ወንዝ ሞልቶ መኪና አያሻግርም አሉ። ዝናብ ስለነበር አመንን። እናቴ ከተኛችበት ሆና፣ ከቀትር በኋላ መኪና በተሰማ ቁጥር፣ የማን ነው እያለች ትጠይቀናለች። እኛ ከካቡ ላይ ሆነን የሶዶው ነው፣ የዓሣው ነው እያልን እንመልሳለን።

አንድ ቀን በርናባስ ክንዴን ያዘኝ። ከዳገቱ ሥር ያ ጉርምርምታ ተነሣ። ሁለታችንም ደንቡን አፍርሰን ብንዞር ኖሮ ጥሩ ነበር፤ አልዞርንም። ዓይናችንን ጨፍነን ክላክሷን ጠበቅን። ኤንትሬው በጀርባችን አለፈ፤ ክላክስ የለም። ወደ ሴቻ፣ ወደ ጋሽ ሸዋንዳኝ ግቢ ወጣ። እኛ ግን ክላክሷን ረስቷት ነው ብለን፣ አባባ መጣ እያልን ወደ ቤት ሮጥን። እናቴ ተነሥታ ፊቷን ታጠበች። ፀጉሯን አበጠረች። ሕፃኑን ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ታቅፋው ከበሩ ትይዩ ተቀመጠች። ሲመሽ አሁንም እዚያው ነበረች።

አባቴ ሞቶ ነበር። ወይጦ ላይ ወባ ጥሎት፣ ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ፣ ጋቢናው ውስጥ ነው የሞተው። እናቴ ከመውለዷ በፊት ጂንካ ተቀብሯል። አጎቴ ኤርጫፎ ከገረሴ ወርዶ ቀብሩ ላይ ቆሟል፤ ጋሽ ሸዋንዳኝም እንዲሁ። ጎረቤታችን እትዬ የሺመቤት ታውቃለች፣ ቄሱ ያውቃሉ፣ ሱቅ ያለው ሰውዬ ያውቃል። የማያውቅ እኛ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ብቻ ነው። አራስ መርዶ አይነገራትም፤ ወተቷ ይደርቃል፣ አእምሮዋ ይነካል ይባላል። ስለዚህ ተሰብስበው መከሩና ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ዝም እንዲባል ተስማሙ። ኤንትሬው ደግሞ ቆሞ እንጀራ አያበላም፤ ሌላ ሾፌር ተቀጠረለት። ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ሁሉን ነገር አስበዋል። መኪናው ድምፅ እንዳለው ብቻ አላሰቡም።

በነጋታው እትዬ የሺመቤት አጥሚት ይዛ ስትመጣ እናቴ መኪናው መምጣቱን ነገረቻት። ልጆች ናቸው፣ ተሳስተው ነው አለች እትዬ የሺመቤት። ተሳስተን! እኔ እንደዚያ ተሰድቤ አላውቅም። በርናባስ ደግሞ ከበሩ ሥር ሆኖ፣ መኪናው ያው ኤንትሬው እንደሆነ፣ ነገር ግን ኩርባው ላይ ማርሹ ስለጮኸ የሚነዳው አባባ እንዳልሆነ ተናገረ። እናቴ ልጁን ከጡቷ አላቀቀች።

«ታዲያ አስናቀ የት ሆኖ ነው ሌላ ሰው የሚነዳለት?» ስትል የሺመቤትን ጠየቀቻት።

እትዬ የሺመቤት ክፉ ሰው አልነበረችም። ጨነቃት፤ ሞት እንዳይታሰብ ሌላ ነገር ፈለገች። «እንግዲህ ወንዶች...» አለች፤ «ጂንካ ደግሞ...» አለችና አጥሚቱን ማማሰል ጀመረች። ያችን ግማሽ ንግግር እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም። የቀረውን እናቴ ራሷ ሞላችው።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ቤት አልሆነም። መጀመሪያ ለራሷ ታጉረመርም ነበር፤ ኋላ ጮክ አለች። ቀጣፊ ነው አለች። ሰካራም ነው አለች፤ አባቴ ከአንድ ብርጭቆ ጠላ በኋላ እንቅልፍ የሚጥለው ሰው ነበር። ጂንካ ሴት አለችው፣ ልጅም ሳይወልድላት አይቀርም አለች። ወንዶች ልጆቹን ባይፈልግ እንኳ ሴት ልጁ እንዴት አላሳዘነችውም እያለች እኔን ታቅፋ አለቀሰች። ልታጠባ ትቀመጣለች፣ ሕፃኑ ይጮኻል። ወተቷ እንዳይደርቅ ነበር ይህ ሁሉ ዝምታ፤ ወተቷ ደረቀ። የላም ወተት በጡጦ ጀመርን።

ጋሽ ሸዋንዳኝ ዘንድ ላከችኝ። ግቢው ውስጥ ኤንትሬው ቆሟል። ጋቢናው ውስጥ አባቴ የሚደገፍባት ትራስ የለችም። ጋሽ ሸዋንዳኝ ሲያየኝ ሚስቱን ጠራና ስኳር አስይዛኝ እንድትሸኘኝ አደረገ። አባትሽ ሥራ በዝቶበት ነው አለኝ፤ ይህን ሲል የሚያየው ጎማውን ነበር። ስኳሩን ይዤ ስመለስ እናቴ ምን አለ አለችኝ። ሥራ በዝቶበት ነው አልኳት። ስኳሩን ከእጄ ነጥቃ ደጅ በተነችው፤ ሲመሽ በርናባስ ከጭቃው ላይ ሲለቅም አገኘሁት።

እኛም ካቡን አልተውንም። በፊት የምንጠብቀው አባታችንን ነበር። አሁን ግን እሱ እንዲመጣ ሳይሆን፣ ማርሹ አንዲት ቀን እንኳ ኮሽ ሳይል እንዲገባ ብቻ ነበር የምለምነው። ጉርምርምታው ከዳገቱ ሥር ሲነሣ በርናባስ እጄን ይጨምቃል። ኩርባው ላይ ሲደርስ ትንፋሻችንን እንይዛለን። ማርሹ ይጮኻል። ያ ሾፌር መንዳት አልቻለበትም እንዳልል ይችላል፤ አባቴ ባለመሆኑ ብቻ ጠላሁት። አንድ ቀን ድንጋይ ወረወርኩበት፤ አልደረሰም።

የክርስትናው ዋዜማ ሴቶች ቤታችን ተሰብስበው ገብስ ይለቅማሉ፣ ይከካሉ። አጎቴ ኤርጫፎም ከገረሴ ቅቤና ቡላ ይዞ ወርዶ ደጅ ተቀምጧል። አጎቴ ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ይቀልድ ነበር፤ አማርኛው ሴትና ወንድ ስለማይለይ እሱ አንተ ሲለኝ እኔ አንቺ እለዋለሁ። የዚያን ቀን አንቺ ብዬው እንኳ አልሳቀም። እናቴ ከሲታ ሆናለች፣ ዓይኖቿ ገብተዋል። ሕፃኑን አቅፋ በቤቱ ውስጥ ትመላለሳለች፤ ለልጁ ክርስትና እንኳ ካልመጣ አልቆለታል ማለት ነው ትላለች።

ኤንትሬው መጣ። እኔ ያኔ ካቡ ላይ አልነበርኩም፤ እቤት ውስጥ ነበርኩ። ያልሰማ ግን የለም። አጉረመረመ፣ ኩርባው ላይ ማርሹ ጮኸ፣ አለፈ። እናቴ ወደ በሩ ሄዳ መንገዱን እያየች፣

«ልጁን ታቅፌ፣ ጡቴ ደርቆ፣ ቆሜ እየጠበቅሁት» አለች። «ሞቱን ያሰማኝ። አስናቀ፣ ሞትህን ያሰማኝ።»

ሴት በባሏ ላይ እንዲህ ስትል ስንት ሰው ነው የሚነሣው። ተይ ይሏታል፣ አፍሽን በመዳፍሽ ምቺ ይሏታል፣ በስመአብ ይላሉ። እዚያ ቤት አንድ ሰው ቃል አልተነፈሰም። የሰፌድ ድምፅ እንኳ ቆመ። እትዬ የሺመቤት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ግድግዳው ላይ አፈጠጠች። አጎቴ ደጅ ሆኖ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። እናቴ ዝምታውን እንደ ስምምነት ቆጠረችው መሰለኝ፤ ሄዳ ተቀመጠች። እኔ ግን አንድ በአንድ ፊታቸውን አየሁ። ለማወቅ ጆሮ አላስፈለገኝም። በርናባስም ሲያየኝ አገኘሁት፤ ወጥተን ከቤቱ ጀርባ ተቀመጥን፤ ለቅሶው ሲመጣበት ሰው እንዳይሰማን አፉን በእጄ ያዝኩት።

ልጁ ክርስትና ተነሣ። በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል መጡ። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ሽማግሌዎች፣ ቄሱ፣ ጋሽ ሸዋንዳኝ፣ ከኋላ ሴቶቹ። አጎቴ ከፊት ነበር።

«ተቀመጥ ወለቴ» አላት። «እህቴ፣ ተቀመጥ።»

የቀረውን በጋሞኛ ነገራት። እሷም ጮኻ በመውደቅ ፈንታ፣ በአማርኛ መቼ ብላ ጠየቀች። ልጁ ሳይወለድ አሏት። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ በሐሳቧ ወደ ኋላ እየሄደች ነበር፤ ቀጣፊ ያለችውን ቀን፣ ሰካራም ያለችውን ቀን፣ ከትናንት ወዲያን። ሴቶቹ ደረታቸውን ሊመቱ ሲጀምሩ እጇን አንሥታ አስቆመቻቸው። ከመካከላቸው የሺመቤትን ፈለገች።

«ስሰድበው እየሰማሽ ዝም አልሽኝ።»

«አራስ ነበርሽ፣ ወለቴ» አለች እትዬ የሺመቤት።

እናቴ አላለቀሰችም፣ ፊቷንም አልቧጨረችም። ቆመች። ሰው ሁሉ እያለቀሰ ሙሾ በሚያወርድበት ሰዓት እሷ ያለችውን መመለስ ጀመረች።

«ቀጣፊ ብዬዋለሁ፤ አልነበረም» አለች። «ሰካራም ብዬዋለሁ፤ አልነበረም። ጂንካ ሴት አለችው ብያለሁ፤ አልነበረችውም። ልጆቹን አይወድም ብያለሁ፤ ይወድ ነበር።»

አንዱንም አልዘለለችም። እኛ እንኳ የረሳናቸውን ስድቦች፣ ለራሷ ያጉረመረመቻቸውን ሁሉ፣ በቀን ብርሃን በሰው ፊት እያወጣች መለሰች። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። በርናባስ ቀሚሷን ይዞ አብሯት ቆሟል።

«ሞቱን ያሰማኝ ብያለሁ» አለች በመጨረሻ።

እዚያ ላይ ቃል አጠራት። ይህንንስ እንዴት ልመልሰው የምትል ይመስል አጎቴን አየችው፣ ቄሱን አየች፣ እኔን አየችኝ። ሁላችንም ዝም አልናት።