የሀኒያ አረቄ

የሩዝ ነጋዴው የሐጂ ሰላህ ልጅ ሀኒያ ከእናትዓለም አረቄ ቤት ጀሪካን ይዛ ስትወጣ የታየችው በጠራራ ፀሐይ ነው። ተደብቃ ቢሆን ኖሮ ሰዉ ይህን ያህል ባላወራ ነበር። እሷ ግን እንደ ዘይት ጀሪካን ፊት ለፊት አንጠልጥላ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ ለሚያውቋት ሁሉ ሰላምታ እየሰጠች ነው ያለፈችው። ወንድሟ ሙአዊያ ከባጃጁ ውስጥ ሆኖ ሲያያት መሪውን ሊስት ምንም አልቀረው። ወሬውን ለአባቱ ያደረሰውም እሱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሐጂ ሰላህ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ልጃቸው ለሁለተኛ ዲግሪ ከምትማርበት ቤተ ሙከራ በር ላይ ቆሙ። ሀኒያ በዚያ ጠዋት የመመረቂያ ሥራዋን ለገምጋሚዎች በተግባር ልታሳይ ነበር። አባቷ የመጡት ግን ወደ ቤት ሊወስዷት ነው።

«ጀሪካኑ የት አለ?» አሉ፤ ሰላምታም አላስቀደሙ።

«ይኸውና ከጠረጴዛው ሥር። ግማሹን አጥርቼዋለሁ።»

«አጥርተሽ?»

«አልጠጣሁት፣ አልሸጥሁት። ብረት የማሠራበትና የማጥብበት ነው፣ አባባ።»

አማካሪዋ ዶክተር አንዳርጋቸው ይህን ጊዜ ሲጠብቁ እንደኖሩ ሁሉ ከመሀል ገቡ። «እኔም የምላት ይህንኑ ነው፣ ሐጂ። መጋዘናችን አልኮል ጨርሷል፤ ቶሉዊን ግን በርሜል ሙሉ አለ። እኔ ያረጀሁበት ማሟሚያ ነው። ዛሬ በሱ ትሥራ። እርስዎም ከሐራሙ ያርፋሉ፣ እኔም ገምጋሚዎቹ ፊት አላፍርም።»

ሐጂ ሰላህ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እሺ በያቸውና ተገላገይ። አለዚያ ዕቃሽን ሰብስቢ።»

እሺ ማለት ቀላል ነበር። ሀኒያ የለፋችው ግን ከዚያ በርሜል ለመላቀቅ ነው። ለመድኃኒት መነሻ የሚሆኑ ነገሮች ቶሎ እንዲዋሐዱ የሚያደርግ ብረት አለ፤ ካታሊስት ይሉታል። በዶክተሩ አሠራር አንዴ ሠርቶ ከቶሉዊኑ ጋር በቧንቧ ይደፋል። የሷው ብረት መዳብ የተቀባ ጥቁር ዱቄት ነው፤ በአልኮልና በውኃ ውስጥ ይሠራል፣ ሲጨርስ በማግኔት ይለቀማል፣ ታጥቦ እንደገና ይገባል። ዛሬ በቶሉዊን ብትሠራ ድካሟን በገዛ እጇ መቅበሯ ነው።

«እሺ አልልም» አለች።

«ሀኒያ» አሉ አባቷ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። የሚያስፈሩት ዝቅ ሲያደርጉት ነው።

«ዕቃዬንም አልሰበስብም። መጀመሪያ የዶክተርን ሐላል ላሳይዎት፤ ከዚያ ይፍረዱ።»

ክንዳቸውን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደቻቸው። ከሕንፃው ሥር የወጣው ቧንቧ በቦይ አድርጎ ወደ ጣና ይወርዳል። ቦዩ ሐይቁን በሚነካበት ቦታ በዳሩ የበቀለው ደንገል ገርጥቶ ተኝቷል። ከዚያ ጥቂት ወዲህ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ።

«ሩዝ የሚያወርዱልዎት ሰዎች ለሶላት ውዱእ የሚያደርጉት እዚያ ድንጋይ ላይ አይደለም?»

ሐጂ ሰላህ ዓይናቸውን አጥብበው አዩ። ድንጋዩን ያውቁታል፤ እርሳቸውም ቆመውበታል።

«በርሜሉ ላይ የራስ ቅል ተሥሎበታል፤ ማንም ተሳስቶ አይነካውም። እዚያ ከወረደ በኋላ ግን ምልክት የለውም።»

«እሷ ምን አላት፣ ጠብታ ናት» አሉ ዶክተር አንዳርጋቸው። «ሐይቁ ሰፊ ነው።»

«የሚደፋው ሁሉ እንዲያ እያለ ነው።»

«ምላስሽ ከውጤትሽ ይበልጣል። በኔ አሠራር የሚገኘው ምርት ካንቺው ይልቃል።»

«ትንሽ ይልቃል፤ ይላቅ። የእርስዎ ብረት ግን አንዴ ሠርቶ ተቀበረ። የኔው ስንቴ ሠርቶ ዛሬም ይነሣል።»

«ዛሬ ቢሞትብሽስ? ያውም ሰው ፊት?»

«ይሙትብኛ። ያኔ ይጣሉኝ።»

ሐጂ ሰላህ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «አረቄውስ? ሥራው ሲያልቅ የት ይደፋል?»

«አይደፋም። አትንኜ መልሼ እይዘዋለሁ። የጌሾው ሽታ ብቻ አልለቅ አለኝ።»

«አሳዪኝ።»

የትናንቱን ሥራ የያዘውን ብልቃጥ አነሣች። ፈሳሹ ከሰል የተበጠበጠበት ውኃ ይመስላል። ከጎኑ ክብ ማግኔት ብታስጠጋ ጥቁሩ ሁሉ ተሰብስቦ ብልቃጡ ላይ ተለጠፈ፤ ፈሳሹ ኩልል አለ።

ሐጂ ሰላህ የሚያዩት ዱቄቱን ሳይሆን ማግኔቱን ነበር። «ይኼ ከሱቁ ሬዲዮ ውስጥ የወጣ አይደለም?»

«ተበላሽቷል ብለው ጥለውት ነበር።»

«ላስጠግነው ነው ያስቀመጥሁት።»

«ይኸው ሥራ አገኘ።»

አባቷ ጢማቸውን ዳበሱ፤ ፈገግታ የሚደብቁት እንዲያ ነው። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አረቄ በሚሸተው በዚህ ልብስሽ ግን ቤት አትገቢም። እዚሁ ቀይሪ።»

ሀኒያ ፈሳሹን ገለበጠች፣ ዱቄቱን አጠበች፣ በተጣራው አረቄ አዲሱን ሥራ ጀመረች። ብልቃጡ ሲሞቅ የጌሾው ሽታ ክፍሉን ሞላው።

በሩ ተከፈተና ገምጋሚዎቹ ገቡ። ፊት የነበሩት ሰውዬ አፍንጫቸውን ያዙ። «እዚህ አረቄ ያስገባው ማነው?»

ዶክተር አንዳርጋቸው አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ሐጂ ሰላህ ነጭ ኮፍያቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ።

«ልጄ ናት» አሉ። «ለብረቱ ነው። ይቀመጡና ይዩ።»