የመኝታ ቤቴ ዳማከሴ

አማቴ እማማ ዓለምፀሐይ ከአዲስ አበባ ስዊድን፣ ፊቲያ ሰፈራችን ድረስ የመጡት ልጃቸውን ሞላልኝን ለማየት ነው ቢባልም፣ እኔን ሊፈትኑ እንደመጡ ገና ኤርፖርት ላይ ነው የገባኝ። «ሰርክ የምትላት ይቺ ናት?» ብለው ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ለኩኝ። ከዚያ ወዲያ ወጤ ቀጠነ፣ ቤት አጠራረጌ ለይስሙላ ሆነ፣ ለሆድ ቁርጠታቸው ያፈላሁላቸው፣ ከሃሉንዳ ገበያ የገዛሁት ናና እንኳ ሳር ሳር አለ። «ስዊድን የኖረች ሴት ምን ሙያ ይኖራታል!» ይላሉ፣ እየሰማኋቸው። ሞላልኝማ እናቱ ፊት ምላሱ የት እንደሚገባ እንጃለት! እኔ ግን ሳይመለሱ በፊት እንደ ሰው እንዲቆጥሩኝ ክፉኛ ፈልጌ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ፀሐይ ብቅ አለች። እሳቸው የበግ ጥብስ ሲያገላብጡ አርፍደው፣ ላባቸውም የጥብሱ ሽታም ሳይለቃቸው ሰተት ብለው በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

«እማማ፣ ምች ይመታዎታል፤ ኧረ ይግቡ!»

«ኤዲያ! ይቺም ፀሐይ ሆና ምች አላት?» ብለው ሳቁብኝ።

አመሻሹ ላይ ግንባራቸው ነደደ። በማግስቱ ከንፈራቸው ሽፍ ብሎ፣ ራሳቸውን በሻሽ ጥፍር አድርገው አስረው ያቃስታሉ። ሞላልኝ ሐኪም ዘንድ፣ ቮርድሴንትራል እንውሰዳቸው ብሎ ተነሳ።

«ሐኪም ምች ምኑን ያውቃል!» አሉ። «ዳማከሴ ነበር መድኃኒቱ። የት አባቱ ይገኛል በሰው አገር?» ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

የት አባቱ? መኝታ ቤቴ ነዋ! እሳቸው የልጃቸውና የምራታቸው መኝታ ቤት አይገቡም፤ ነውር ነው። እዚያ መስኮት ላይ፣ ዩልስታ ሰፈር የምትኖረው ጓደኛዬ ትርሓስ ከሰጠችኝ ዘር ያበቀልኩት ዳማከሴ ለምልሞ ቆሟል። የብርዱን ወራት በመብራት እያሞቅኩ፣ እንደ ጨቅላ ልጅ እያባበልኩ ነው ያሳለፍኩት።

ቅጠሉን ለቀም ለቀም አድርጌ በመዳፌ አሸሁና አፍንጫቸው ሥር ያዝኩላቸው።

«ናናሽን አንሺልኝ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ያሽትቱት እስቲ።»

አሸተቱ። ዓይናቸው በርገድ አለ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ዳግመኛ ወደ አፍንጫቸው ሳቡት። ጭማቂውን ግንባራቸው ላይ ቀባሁላቸው፣ ጥቂት በቡና አጠጣኋቸው፣ ብርድ ልብስ ደራርቤ እንዲያልባቸው አደረግኩ። ሳያመሰግኑኝ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡ። አይ ኩራት! እኔም ቢሆን ኩራት አላጣም፤ ተሻለዎት ወይ ብዬ አልጠየቅኳቸውም።

ሲሻላቸው የስልክ ካርድ ፍቀው አዲስ አበባ ላለችው ልጃቸው ለሚካል ደወሉ። ኩሽና ሳህን እያጠብኩ ነበር፤ ለመስማት ውሃውን ዘጋሁት።

«ስሚ ሚካል፣ ግቢውን ሲሚንቶ ስታስለብሺ ዳማከሴዬን ከነሥሩ ነቅለሽ ጥለሽብኛል። አሁን ከሰርክ ዳማከሴ ላይ ቅርንጫፍ ይዤ እመጣለሁ። አዎ፣ ከስዊድን! ምን ያስቅሻል? አንቺ ደጅሽ ላይ ያላቆየሽልኝን ይቺ ልጄ እዚህ በረዶ መሃል አቆየችልኝ!»

ልጄ አሉኝ። እጄን እንኳ ሳላደርቅ መኝታ ቤት ገባሁና ከቅርንጫፎቹ ሁሉ የለማውን ቆረጥኩላቸው።