ስፖንጅ ላይ አይመልስም

እና ብረት ላይ ይሠራል፣ አዎ፣ ይኸው ከጋሪው የፈታሁት የርቀት መለኪያ አሁንም የዕቃ ቁም ሳጥኑን በር እያየ ሰማንያ ሁለት፣ ሰማንያ ሁለት፣ ሰማንያ ሁለት ይለኛል፣ ሜትር ዘርግቼ ብለካውም ሰማንያ ሁለት ሴንቲ፣ ንቅንቅ የለም፣ ታዲያ ምን ያደርግልኛል፣ በዚህ ፋብሪካ በራሱ በሚሄደው ጋሪ ፊት የብረት በር ቆሞ አያውቅም፣ የሚቆመው ስፖንጅ ነው፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ገና ያልተቆረጠ የፍራሽ ስፖንጅ፣ ከስፖንጁ ጀርባ ደግሞ ሰው።

ሰው። ቆራጯ እትዬ።

ቀስ በይ። አደጋውን የሚያጣሩት ሰዎች ቀጠሮ ስድስት ሰዓት ነው፣ ጊዜ አለሽ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ እስክሪብቶው ላዩ ላይ ተጋድሟል፣ ጋሼ ናቸው እንዲህ አሳምረው ያስቀመጡልኝ፣ የጥገና ክፍሉ ኃላፊ፣ አለቃዬ፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ አባቴ። ከዚህ በታች የፈረምኩት እኔ ለስፖንጅ ማጓጓዣ ጋሪ የተገጠመውን የርቀት መለኪያ በራሴ ውሳኔ የመረጥኩ መሆኔን፣ የክፍሉ ኃላፊም ስለ መሣሪያው ጉድለት የሚያውቁት ነገር ያልነበረ መሆኑን አረጋግጣለሁ፣ ይላል፣ ቋንቋው ያምራል፣ መሆኔን፣ መሆኑን። ጠዋት ሲሰጡኝ ግን በሌላ ቋንቋ ነው የለመኑኝ፣ ፈርሚውና ይለፍልን ልጄ፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ቢበዛ ማስጠንቀቂያ ነው የሚጽፉብሽ፣ እኔ ለጡረታ ስምንት ወር ነው የቀረኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ አታዋርጂኝ። አንጀቴን በሉት። ልፈርም ነበር እኮ፣ እውነቴን ነው፣ የእስክሪብቶውን ክዳን ከፍቼ ነበር፣ ብቻ መጀመሪያ ሴንሰሩን ከጋሪው ልፍታው ብዬ ትንሿን መፍቻ ብፈልግ አጣኋት፣ የሳቸውን መሳቢያ ከፈትኩ፣ መፍቻዋም አለች፣ ደብተራቸውም አለ።

ደብተሩ። ዘይት የነካው፣ ጥጉ የተጣጠፈ፣ ከኪሳቸው የማይለየው። ዓርብ፣ ይላል፣ ከሥራ በኋላ። ብረት፣ ጥሩ። ካርቶን፣ ጥሩ። ሹራብ የለበሰ ሰው፣ ይዋልላል። ስፖንጅ፣ አይመልስም። አይመልስም የሚለው ላይ ሁለቴ ተሰምሮበታል።

ዓርብ። የትናንቱ አይደለም፣ ያለፈው ሳምንት ነው፣ ቀኑ ተጽፎበታል። የገጠምነው በዚህ ሳምንት ማክሰኞ ነው። ረቡዕ ባዶውን ጋሪ ወደ ግድግዳው እየነዳን ሞከርን፣ ቆመ፣ አጨበጨቡልኝ፣ ሐሙስ ጠዋት ሥራ ጀመረ፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ ከፊቱ የቆመውን ስፖንጅ እንደሌለ ቆጥሮ ሄደበት፣ ስፖንጁ እትዬን ገፍቶ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ጋር አጣበቃት፣ እግሯ ከጉልበቷ በታች፣ ሁለት ቦታ። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ቁጠሪው፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ፣ አራት ቀን ሙሉ ያውቅ ነበር። ያውቁ ነበር ማለት ነበረብኝ፣ አንደበቴ እምቢ አለኝ።

እሑድ ደውለውልኛል እኮ። የልጄን ሳል ጠየቁ፣ ማር በሎሚ አድርገሽ አጠጫት አሉኝ፣ አሥር ደቂቃ ያህል አወራን፣ ስለ ስፖንጅ አንዲት ቃል የለም።

ሦስት መለኪያዎች ነበሩ፣ እዚችው ጠረጴዛ ላይ ደርድረናቸው፣ የብርሃኑ፣ የሌዘሩ፣ የድምፁ። የፋብሪካው ባለቤት ርካሽ ይሁን እንጂ ይሥራ ብሏል። የብርሃኑን ቶሎ ጣልነው፣ በጣሪያው መስታወት የምትገባው ፀሐይ ታምታታዋለች፣ ጠዋት ሌላ ቁጥር፣ ቀትር ላይ ሌላ ቁጥር። የሌዘሩን እኔ ወድጄው ነበር፣ የክብሪት ሳጥን የምታክል፣ ልቅም ያለች፣ ግን በአንዷ ዋጋ ሦስት የድምፅ ይገዛል፣ ደግሞም ብናኙ ያሳውራታል አሉ ጋሼ፣ በየሰዓቱ መስታወቷን የሚወለውል ሰው ልትቀጥሪላት ነው ወይ፣ እውነት አላቸው፣ የማምረቻ አዳራሹ ብናኝ እንደ ዱቄት ነው። ስለዚህ የድምፁ። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይልካል፣ ነገር ላይ ነጥሮ እስኪመለስ ይጠብቃል፣ በፈጀበት ጊዜ ርቀቱን ያሰላል፣ ብናኝ አይል ፀሐይ አይል፣ ጋሼ ባለቤቱ ፊት ይዘውት ሄደው ይሄ ካላየ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብለው ማሉ፣ ባለቤቱ ሳቀ፣ ሠራተኛውም ከዚያ ወዲህ ዓይኑ ይለው ጀመር፣ ዓይኑ ደረሰ ወይ፣ ዓይኑ መቼ ነው የሚገጠመው።

የሞከርነው እዚሁ ነው፣ ቁም ሳጥኑ ላይ። የት እንሞክር ሌላ፣ እዚህ ክፍል ስፖንጅ አይገባም፣ በሩ ላይ በጋሼ እጅ ጽሑፍ ተለጥፏል፣ ስፖንጅ ይዞ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው፣ የመበየጃው ፍንጣሪ አንዴ ካገኘው ሕንጻው አይተርፍም፣ ሕጉ ልክ ነው፣ ብቻ ስንት ዓመት ሙሉ ስፖንጅ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ፣ ስፖንጅ ዝር በማይልበት ክፍል ተቀምጠን የስፖንጅ ማሽን ስንጠግን ኖርን፣ የሁሉ ነገር መለኪያችን ያ ቁም ሳጥን ሆነ፣ ወለሉ ላይ እንኳ በቀለም መስመር አስምረንለታል። ሁለታችን አንድ ላይ ሞኝ ሆንን፣ እል ነበር እስከ ዛሬ ጠዋት። እሳቸው ግን ዓርብ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ብቻቸውን አዳራሹ ወርደው ስፖንጁ ላይ ሞክረውታል። ይሄን አደንቃለሁ፣ ወይ ጉዴ፣ አሁንም አደንቃቸዋለሁ፣ ጥሩ ባለሙያ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ከዚያ ሁለቴ አሰመሩበትና መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ምለዋላ። ባለቤቱ ፊት የማሉትን እንዴት ይዋጡት።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ፣ እናቴ ስትለው የፈረስ ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። መበየጃ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው፣ መጀመሪያ ያቃጠልኩትን ጣቴን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክረው የያዙልኝ እሳቸው፣ ሰው ሚስቱን ይዋሻል፣ ቁጥርን ግን አይዋሽም ያሉኝ እሳቸው። ሚስታቸውም አጠገባቸው ነበሩ፣ ሳቅን።

ትናንት ሆስፒታል ሄድኩ። የእትዬ እግር በጀሶ ታስሮ ተሰቅሏል። ልጄ፣ አለችኝ፣ ያ ዓይን ያስገባሽለት ጋሪ መነጽርም ያስፈልገው ነበር መሰለኝ፣ ሳቀች፣ ሳቋ እግሯን አመማት፣ ወደ ግድግዳው እያየች፣ ሲመጣ ሰምቼዋለሁ እኮ፣ አለች፣ ዞር ማለት እችል ነበር፣ ይቆማል ብዬ ነው፣ አንቺ ነሽ የሠራሽው ሲሉኝ።

ይቆማል ብዬ።

ሰኞ። ሰኞን አትዝለያት። ሰኞ ከሰዓት ሽቦውን እያሰርኩ ጠይቄያቸዋለሁ፣ ጋሼ፣ ስፖንጁንስ ያየዋል፣ ብያለሁ፣ በዚሁ አፌ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ እፍ አሉበት፣ በጋዋናቸው ጫፍ ወለወሉት፣ መልሰው አደረጉት። እኔ ዝምታቸውን እሺ ነው ብዬ ወሰድኩት፣ ችግር ቢኖር ይነግሩኛል፣ ጋሼ እኮ ናቸው፣ ሽቦዬን ማሰር ቀጠልኩ።

ፕሮግራሙስ። የሱን ነገር ወረቀቱ አያነሳውም፣ ግን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ድምፁ ተመልሶ ከመጣ ርቀቱን አስላ፣ ከቀረበ ቁም፣ ምንም ካልተመለሰ መንገዱ ባዶ ነው፣ ሂድ። ሂድ ያልኩት እኔ። ስፖንጁ ድምፁን ዋጠው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ፣ ጋሪውም እንዳስተማርኩት ሄደ። ሰኞ ዕለት እኔም እንደሱ ነው የሄድኩት።

አምስት ተኩል። እነሣለሁ፣ መበየጃውን ከሶኬቱ እነቅላለሁ፣ ያን ያህል አላበድኩም፣ አዳራሹ ወርጄ ከተራፊው ክምር የአንድ ሰው ፍራሽ የሚያህል ስፖንጅ አቅፌ እመለሳለሁ፣ ሰው ያየኛል፣ ይየኝ፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን አልፌ እገባለሁ፣ ስፖንጁን ቁም ሳጥኑ ፊት አቆመዋለሁ። ሰማንያ ሁለት ይል የነበረው ማሳያ ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ። ዙሪያውን ብዞር፣ ባስጠጋው፣ ባርቀው፣ ሰረዝ። በእጄ የዳሰስኩትን ነገር የለም ይለኛል።

ስፖንጅ እዚህ አይገባም አላልኩም ወይ።

እሳቸው ናቸው፣ በሩ ላይ። አውቃለሁ ጋሼ፣ መበየጃውን ነቅዬዋለሁ። ፈረምሽ ወይ። ገና ነኝ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው እኮ ልጄ፣ ሰዎቹ ይጠብቃሉ። አውቃለሁ፣ እላለሁ፣ ከወረቀቱ ጎን ተከፍቶ የተቀመጠውን ደብተር ያዩታል፣ አይተው ሲያበቁ ቁም ሳጥኑን ያያሉ፣ እኔን አያዩም።

የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ይሄን አልክድም፣ ፕሮግራሙንም በገዛ እጄ እጨምርበታለሁ። ለቀረው ግን አንዲት ቃል ይበሉኝ፣ ፈራሁ ይበሉኝ፣ ፈራሁ ልጄ፣ ምዬ ስለነበር አፈርኩ፣ ይህችን ካሉኝ እፈርማለሁ፣ ራሴን አውቀዋለሁ፣ ቂል ነኝ፣ ከእነውሸቱ እፈርምላቸዋለሁ።

ጋሼ፣ እላለሁ፣ ሰኞ ዕለት ስፖንጁንስ ያየዋል ብዬ ስጠይቅዎ፣ ያውቁ ነበር።

እጠብቃለሁ። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ባልዲ እየጎተተ ያልፋል። እጠብቃለሁ። መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ እፍ ይሉበታል፣ የጋዋናቸውን ጫፍ በእጃቸው ይፈልጋሉ፣ ይወለውላሉ፣ ንጹሕ ነው፣ ይወለውላሉ፣ እኔም እስክሪብቶውን አንሥቼ የሚያውቁት ነገር ያልነበረ የሚለውን ሁለቴ እሰርዘዋለሁ፣ ፊርማዬን አኖራለሁ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሬ ሂድ የምትለዋን ቃል አጥፍቼ በቦታዋ እጽፋለሁ፣ ምንም ካልተመለሰ፣ ቁም።