ፕሮፓጋንዳ፣ ሁለተኛ ፍቺ

መዝገበ ቃላታችን አንድ የማይታለፍ ደንብ አለው፦ ለእያንዳንዱ ፍቺ በጽሑፍ የተገኘው የመጀመሪያ ምሳሌ፣ ከነጸሐፊው ስምና ከነቀኑ በካርድ ላይ ይቀመጣል። ጸሐፊው በሕይወት ካለ ደግሞ ካርዱን አይቶ ይፈርማል። አለቃችን ከሥርዓተ ነጥብ ሌላ የሚያምኑት ነገር ስለሌለ በሌሉበት ‹‹ጋሽ ነጥብ›› እንላቸዋለን፤ ከዚህ ደንብ ንቅንቅ አይሉም።

ለእኔ ‹‹ፕሮፓጋንዳ›› ደረሰኝ። አመጣጡ ደስ ይላል። ሥሩ የላቲን አትክልተኞች ቃል ነው፤ ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጎ አፈር ማልበስ፣ ሥር ሲያወጣ ማባዛት። ከአትክልተኞች ሰባኪዎች ወሰዱት፣ ከሰባኪዎች መንግሥታት። ሁለተኛው ፍቺ፣ ‹‹ሆን ተብሎ የሚነዛ ውሸት››፣ ላይ ስደርስ ከካርዶቹ መሳቢያ የአባቴ ስም ወጣ።

አባዬ የሬዲዮ ዜና ጸሐፊ ነበር። ካርዱ እንዲህ ይላል፦ ‹‹በከተማችን ወረርሽኝ ገባ የሚባለው የጠላት ፕሮፓጋንዳ ነው። ሰኔ ሦስት።›› ታናሽ ወንድሜ በዚያው ወረርሽኝ የሞተው ሰኔ ስምንት ነው። አባዬ ዕድሜ ልኩን ‹‹ምን አውቄ፤ ቤቴ እስኪገባ አላመንኩም›› ሲለን ኖሯል። እናቴም ይህንኑ እንዳመነች ሞተች።

‹‹ሌላ ምሳሌ ብፈልግስ?›› አልኳቸው ጋሽ ነጥብን።

‹‹የመጀመሪያው አንድ ነው›› አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

ካርዱን ይዤ አባዬ ቤት ሄድኩ። ደንባችንን ነግሬ ሰጠሁት። አባዬ መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው።

‹‹ቀኑ ልክ አይደለም›› አለ።

‹‹ከጣቢያው መዝገብ ላይ ነው የተገለበጠው፣ አባዬ።››

‹‹እሱንም እኔው ነኝ የሞላሁት። ቀድመን እንዳስተባበልን እንዲመስል የጣቢያው አለቆች ቀኑን ወደ ኋላ መልስ አሉኝ። የጻፍኩት ሰኔ ዐሥራ አንድ ነው። ልጁን ከቀበርን በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባሁ። ጻፍ አሉኝ፣ ጻፍኩ። እናትሽ ለሐዘኑ ብላ ሬዲዮኑን ዘግታው ነበር፤ አልሰማችውም።››

‹‹ዝም ብትል ኖሮ እኮ ማንም አያውቅም ነበር።››

‹‹ደንባችን ነው ስትዪኝ አልነበር?›› አለና ብዕሬን ተቀበለኝ። ‹ሦስት› የሚለውን ሰርዞ ዐሥራ አንድ ጻፈ።

ተናደድኩበት። ሊፈርም ሲል ካርዱ ሲንሸራተትበት ግን፣ ጠረጴዛው ላይ ጫን አድርጌ ያዝኩለት።