ሳትደውል የመጣች ቀን

«ይግቡ፣ ክፍት ነው!» አለ የወንድ ድምፅ፣ ከገዛ መኝታ ቤቷ ውስጥ።

እጇ የበሩ እጀታ ላይ ደርቆ ቀረ። ከሥራ ጉዞ መመለሷ ነው፤ ሻንጣዋ ገና ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ቤት ተሳስቼ ይሆን እንዴ ብላ አሰበች፤ ግን የውጭውን በር የከፈተችው በራሷ ቁልፍ ነው። ገፋ አድርጋ ብታይ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ያጠልቃል። የእሷን ነጠላ ጫማ በአንድ እግሩ ተጫምቷል፤ ተረከዙ ከኋላ ተርፎ ወለሉን ይነካል።

«የዛሬዋ እንግዳ ነዎት?» አለ በትሕትና ብድግ ብሎ። «ይቅርታ፣ እስከ ስድስት ሰዓት መስሎኝ ነው። አሁኑኑ እለቅልዎታለሁ።»

ወደ ሻንጣዋ መለስ ብላ አየች።

የሕክምና መሣሪያ ሻጭ ናት። የወሩን ግማሽ የምታሳልፈው ሆቴል ነው። መሥሪያ ቤት «እትዬ ሻንጣ» ይሏታል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጓዝ አዲስ ሠራተኛ ሁሉ ምክር ፍለጋ ወደ እሷ ይላካል። እሷም አትሰስትም። ልብስህን ጠቅልለው እንጂ አትጠፈው፣ መድኃኒትህን ከእጅህ አትለይ፣ ከአሳንሰሩ ራቅ ያለ ክፍል ጠይቅ ትላለች። ለሴቶቹ ደግሞ ከእጅ ቦርሳዋ አንዲት የእንጨት ሽብልቅ አውጥታ ታሳያለች። «በሩ ሥር ሰክታችሁ ተኙ። የሆቴል ክፍል ቁልፍ ሁልጊዜ ሌላ ሰው እጅም አለ።» የመጨረሻ ምክሯ ግን ስለ ቤት ነው፤ «ከመድረሳችሁ በፊት ደውሉ። ሰው ቤቱም ቢሆን ድንገት ዱብ ሲሉበት ይደነግጣል።»

ይህን ምክር ራሷ አጓድላው አታውቅም ነበር። ዛሬ ግን ስብሰባው ተሰርዞ በጠዋቱ በረራ ስትመለስ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ተዘጋባት። ቤት ያሉት እናቷና ታናሽ እህቷ ናቸው፤ ቤቱም የገዛችው የራሷ ነው። ምን አለበት ብላ መጣች።

«መጀመሪያዎ ነው መሰለኝ፤» አለ ሰውዬው በሩ ላይ መቆሟን አይቶ። «ከመንገደኛ ለመንገደኛ ልምከርዎ። እዚህ አንዴ ያደረ ሰው ሆቴል አይመለስም። የመታጠቢያው ሙቅ ውሃ ግን የሚመጣው በቀዝቃዛው በኩል ነው፤ እንዳይቃጠሉ። ከበረደዎት ተጨማሪ ብርድ ልብስ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ አለ። ብቻ ሲያወጡት ቀስ ይበሉ፣ ከሥሩ ባለመስታወት ፎቶ አለ።»

«የማን ፎቶ?» አለች።

«እንጃ፣ የሰው ገመና ነው ብዬ አላየሁትም። የቤቱ ባለቤት ሳትሆን አትቀርም። ውጭ አገር ሄዳ እዚያው ቀርታለች አሉ። እናትየዋ ናቸው የነገሩኝ፤ ሲያወሩት ያሳዝናሉ።»

ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። ከአልጋው በላይ ሚስማሩ ብቻውን ተተክሏል። ተንበርክካ መሳቢያውን ሳበችና ከብርድ ልብሱ ሥር ራሷን አወጣች፤ የምረቃ ካባዋን ለብሳ፣ ጥርስ በጥርስ ሆና። ባለፈው ስትመጣ ሚስማሩ ላይ ነበረች። ከዚያ በፊት ስትመጣም እንዲሁ።

ሰውዬው ፎቶውን አየ፣ እሷን አየ፣ ደግሞ ፎቶውን።

«ውይ!» አለ። «እህቴ ትሙት፣ ምንም አላወቅሁም!»

የጫማውን ክር እንኳ ሳያስር ቦርሳውን ታቅፎ ወጣ። እንግዳ ደራሽ፣ ውሃ ፈሳሽ ይባላል። ሰው ግን በገዛ ቤቱ ደራሽ እንግዳ ሲሆን ምን እንደሚባል የነገራት የለም።

በሩ ላይ እናቷና እህቷ ተከታትለው መጡ። እህቷ የታጠበ አንሶላ አቅፋለች።

«ምነው ልጄ፣ ሳትደውዪ?» አሉ እናቷ።

ደህና ገባሽ ወይ እንኳ አላሉም። ያኔ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ታያት። በየጉዞዋ እህቷ ስልክ ላይ «ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ? ደውዪ እሺ፣ ራት ትኩስ እንዲሆንልሽ» ስትላት አንጀቷ ይርስ ነበር። እኔስ የሚጠብቀኝ ሰው አለኝ እያለች መሥሪያ ቤት ትኮራበታለች። ለካ ስትደውል አንሶላው ይቀየራል፣ ነጠላ ጫማው ይወለወላል፣ እሷም ተነሥታ ሚስማሯ ላይ ትሰቀላለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታከራዩት?» አለች።

እህቷ አንገቷን ደፋች። «እታለም፣ ክፍሉ እኮ ባዶውን ነው የሚውለው። እኔም እጅሽን ማየት ሰልችቶኝ ነው።»

«ብትጠይቂኝስ?»

«እምቢ ብትይስ ብዬ ነዋ።»

«እሺ እል ነበር!»

እውነቷን ነው፣ እሺ ትል ነበር። መንገደኛ ምን እንደሚወድ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? ነጠላ ጫማውን ሳይቀር በልካቸው ትገዛላቸው ነበር።

«ተይ እንግዲህ፣ ታናሽሽ ናት፤» አሉ እናቷ። «አድርጊው ያልኳትም እኔ ነኝ።»

«ውጭ አገር ቀርታለች ያልሽውስ እማ?»

«ታዲያ ሰው ባለቤቷ የት ናት ሲለኝ ምን ልበል? ሞታለች አላልኩ! ደግሞስ አንቺ መቼ ቤት አለሽና?»

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚለውን ተረት ያስተማሯት እናቷ ናቸው። አፏ ላይ ደርሶ ዋጠችው። የእህቷን ተቆጥታ ትረሳው ይሆናል። እናቷ ግን እሷ በቁሟ እያለች፣ በገዛችው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ለማያውቁት ሰው እያሳዘኑ የቀረችዋን ልጃቸውን ተርከዋል። መከዳት እንዲህ አንጀት የሚቆርጥ መሆኑን አታውቅም ነበር።

እናቷ ፎቶውን ከእጇ ወሰዱና መስታወቱን በክንዳቸው ጠረግ አድርገው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉት። እጃቸው ለምዶታል፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

«በይ አረፍ በይ፣ ምሳ እስኪደርስ። ሌላ ጊዜ ስትመጪ ግን…» ብለው አቋረጡት።

«አንሶላውን ስጪኝ፤» አለች እህቷን። ተቀበለቻትና ሻንጣዋን ጎትታ ገባች፤ በሩንም ዘጋች። ቤቷ ስትደርስ ወዲያው ልብሷን አውጥታ መስቀል ልማዷ ነበር። ዛሬ ሻንጣውን እንደተቆለፈ ከአልጋው አጠገብ አቆመችው። ከእጅ ቦርሳዋ ሽብልቋን አወጣች፤ በዚህ ቤት አንድም ቀን አውጥታት አታውቅም። በርከክ ብላ በሩ ሥር ሰካቻት።

ከውጭ እጀታው ተንቀሳቀሰ።

«ልጄ፣ በሩ እምቢ አለኝ እኮ፤» አሉ እናቷ።

ሽብልቋን በተረከዟ አንድ ጊዜ ጨመረችላት።