ነጩ ሻሽ

ትራች የሞተውን ዓሣ ነባሪ አሸዋው ላይ ሲያየው መጀመሪያ ትዝ ያለው የሰርጉ ድንኳን ነበር። ሴት ልጁን ዲየምን ሊድር ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ሰርጉ ሁለት ጊዜ ተላልፏል፤ አንዴ በማዕበል፣ አንዴ በሙሽራው አያት ሞት። "ሦስተኛ ከተላለፈ ለልጄ ሌላ እፈልግለታለሁ" ብላለች የሙሽራው እናት፣ የትራችን ሻይ እየጠጣች።

አሁን ደግሞ ይኼ። በዚያች የቬትናም የባሕር ዳር ከተማ ዓሣ ነባሪን ዓሣ ብሎ የሚጠራ የለም፤ "ጌታው" ነው የሚባለው። በማዕበል ጊዜ ጀልባ በጀርባው ደግፎ የሚያወጣው እሱ ነው። ሞቶ ዳር ሲወጣ ቀድሞ ያየው ሰው እንደ ጌታው በኩር ልጅ ይቆጠራል፤ ነጭ ሻሽ አስሮ ሦስት ዓመት ያዝንለታል። ሐዘን የገባበት ቤት ደግሞ አይደግስም።

"ይኼ ሁሉ ዳርቻ እያለ እኔ እግር ሥር?" አለ ትራች፣ ሬሳውን አንዴ እየዞረ። ይበልጥ ያበገነው ነገሩ ክብር መሆኑ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሁለት እጁ ይቀበለው ነበር።

ግራ ቀኙን አየ፤ ሰው የለም። በቀጥታ ወደ ጎረቤቱ ወደ ሉክ ሄደ። ሉክ ወንደላጤ ነው፤ የሚድረው ልጅም የለውም።

"ሉክ፣ ተነስ እንጂ። መረብህን ማዕበል ከድንጋዮቹ ማዶ ጥሎት አየሁ።"

"መረቤማ ተኝቼበታለሁ።"

"የሌላ ሰው ይሆናላ። ሄደህ ብታየው ምን ትሆናለህ?"

"አንተ ስታየው ለምን አላነሳኸውም?" ሉክ ወደ ግድግዳው ዞረ። "ልጅ የሚድር ሰው እንቅልፍ የለውም፤ እኔ ምን አጠፋሁ ወንድሜ?"

ትራች ለመነ፣ ተቆጣ፣ እንደገና ለመነ። ሉክ በመጨረሻ ተነስቶ ሱሪውን ፈለገ፣ ሲጋራውን ፈለገ፣ ክብሪቱን ፈለገ። ትራች በንዴት ጥርሱን እያፋጨ ቆሞ ሳለ የጌታው መቅደስ ከበሮ ተመታ። ጌታው ተገኝቷል። ማንም ያግኘው ማን፣ ትራች አይደለም። እፎይ አለና ሉክን ጥሎት ሮጠ።

ሰዉ ተሰብስቧል። የመቅደሱ ሽማግሌ ለአንዲት ሴት ነጩን ሻሽ እያሰሩላት ነው። ቀና ስትል ዲየም ናት፤ ዛጎል የምትለቅምበት ቅርጫት አጠገቧ ተቀምጧል።

ትራች ክንዷን ይዞ ወደ ዳር ጎተታት። "ምን ነካሽ? ዝም ብለሽ ብታልፊ ምን ነበረበት? ሌላ ሰው ያየው አልነበረም? ስንት ጊዜ ነው የምደግሰው እኔ?"

"ሌላ ሰውማ አይቶት ነበር፣ አባዬ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ተረከዙ የተቆረጠ ነጠላ ጫማ ያደረገ ሰው። አንዴ ዞሮት ሄዷል።"

ትራች ወደ እግሩ አላየም። የጫማውን መቆረጥ ያውቀዋል። ጌታውን አይቶ ጥሎ የሄደን ሰው ደግሞ ከእንግዲህ በጀልባው የሚያሳፍረው የለም፤ ይኼንንም ያውቃል።

"ዱካህን በእግሬ አጠፋሁት። ከዚያ ልሂድ ብል እንደ አንተ ጥዬው መሄድ አልሆነልኝም።"

ሽማግሌው ከሬሳው ዘንድ "የበኩር ልጅ የታለች?" እያሉ ተጣሩ።

ዲየም ሻሿን አጥብቃ አሰረች። "ለሙሽራው እናት አንተ ንገራት" አለችው። "እኔ ሐዘን ላይ ነኝ።"