አጣሁት

«እዚህ ላይ ይጫኑ፣ ጋሼ። ቀስ አድርገው። ማውዙ እኮ ሞፈር አይደለም።»

አስናቀ ክንዱን በሙሉ የጫነበትን ማውዝ ለቀቅ አደረገው። መሰረት ከጎኑ ቆማ ሳቋን በሻርፗ ጫፍ ሸፍናለች። አስፋልቱ ዳር ኮምፒውተር የምትጠግን ልጅ ናት፤ አስናቀ መዝገብ የሚይዝበት የቤት ማኅበር ኮምፒውተር በታመመ ቁጥር የምትጠራው እሷ ነች። ዛሬ ግን የመጣችው ለሕመም አይደለም። ፎልደሮቹን የሚከፍተውን ፕሮግራም በአዲስ ተክታለት፣ አዲሱ የሚችለውን እያሳየችው ነው።

«በግራ በኩል ይህ ዝርዝር የትም ቢገቡ ከዓይንዎ አይጠፋም። ከላይ ደግሞ የቆሙበትን ይነግርዎታል፤ ማኅበር፣ ከዚያ አባላት፣ ከዚያ ነባር እያለ። ወደኋላ ለመመለስ ሁሉን መዝጋት የለም፤ ስሙን መንካት ነው።»

«በየበሩ መውጣትና መግባት ቀረ በይኛ።»

«ቀረ። ሁለት ፎልደርም ጎን ለጎን ይከፍታሉ። ብዙ ጊዜ የሚገቡበትን ደግሞ ራሱ እያስታወሰ መጀመሪያ ላይ ያመጣልዎታል። ይህን ይዩልኝማ፤ ፎልደሩን ሳይከፍቱት ውስጡ ያለው ፎቶ ብቅ ብሎ ይታያል።»

አስናቀ አንገቱን አስግጎ አየ። መቼም የእሱን ፎልደሮች ያየ ሰው ልቡ ይራራለት ነበር። «አዲስ»፣ «አዲስ ሁለት»፣ «የአስናቀ»፣ «የመጨረሻ»፣ «የእውነት የመጨረሻ» የሚባሉ ነበሩት፤ አንዱ በሌላው ሆድ ውስጥ። ባለጉዳይ ሲመጣ አንዱን ይከፍታል፣ ወደሚቀጥለው ይገባል፣ ከየት እንደገባ ይጠፋዋል፣ በመጨረሻ ቀና ብሎ «አጣሁት» ይላል። ይህቺ ቃል በማኅበርተኛው ዘንድ ከስሙ ይልቅ ትታወቃለች። በመንገድ ሲያልፍ «አጣሁት መጣ» የሚሉም አሉ። ያም ሆኖ ማንም ጠምዶ አልያዘውም፤ አጣሁት ሲል አጥቶት ነውና። የሻይ የሚባል ነገር ተቀብሎ አያውቅም። ሚስቱ ስትበሳጭ «ባትዋሽ ነው እንጂ ሌላ ምን አለህ» ትለዋለች፤ እሱ እንደ ምርቃት ይቆጥረዋል።

መሰረት ከመሄዷ በፊት ስክሪኑን ወደ ባለጉዳዩ ወንበር አዞረችው።

«ባለጉዳዮቹም ከእርስዎ እኩል እያዩ ይፈልጉ። ሐሜቱም ይቀርልዎታል።»

ብቻውን ሲቀር አስናቀ አዲስ ልብስ እንደተገዛለት ልጅ ሆነ። ገባ፣ ወጣ፣ ወደታች ወረደ። አባላቱ በየፎልደራቸው ደጃፍ ብቅ ብቅ ብለው እንደ ጎረቤት ያዩታል። ሲሄድ ሲሄድ አንዲት ከከንፈሯ በላይ ማርያም የሳመቻት ልጅ አየችው።

እጁ ቆመ። ይህቺን ፊት ያውቃታል። እናቷ እማማ ፈንታነሽ በመጡ ቁጥር ከመቀነታቸው ፈትተው የሚያሳዩት ፎቶ ነው። ልጅቷ ጅዳ ሰው ቤት እየሠራች የማኅበሩን መዋጮ አንድም ሳታጓድል ከፍላ ነበር። ቦታ ሲደለደል ግን ማህደሯ ጠፋና ስሟ ተዘለለ። አሁን ወገቧን ታማ ተመልሳ ከእናቷ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል ትኖራለች።

ከፎቶው ሥር «ብርቱኳን» ይላል። አስናቀ ሁልጊዜ ሲፈልግ የኖረው «ብርቱካን» ብሎ ነው። የጻፈውም ራሱ፣ የፈለገውም ራሱ።

ተነስቶ ወደሚቀጥለው ክፍል ሮጠ።

«ተገኘች» አለ ደፍ ላይ እንደቆመ። «የእማማ ፈንታነሽ ልጅ። ለካ ብርቱኳን ብዬ ጽፌያት ኖሯል።»

የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ሙላቴ መነጽራቸውን አወለቁ። ደስ ያላቸው አይመስሉም።

«ማን አየ?»

«እኔ ነኛ። አሁን ነው ያየኋት።»

«በሩን ዝጋና ተቀመጥ።»

ዘግቶ ተቀመጠ።

«ቦታዋ ላይ ማን እንዳለ ታውቃለህ?»

«ደምሴ» አለ፤ ድምፁ ሳያስበው ወረደ። ደምሴ የአቶ ሙላቴ ሚስት ወንድም ነው። ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል፣ ወለሉም ሊሾ ሆኗል።

«ቦታው ለእሱ ሲሰጥ ቃለ ጉባኤው ምን አለ? የልጅቷ ማህደር ባለመገኘቱ ነው የሚለው። ማነው ያላገኘው?»

አስናቀ ጣራ ጣራውን አየ።

«እኔ ደብቅ አላልሁህም። ዛሬ አገኘሁ ብትል ሰው ምን የሚል ይመስልሃል? አስናቀ ከሙላቴ ጋር ተካፍሎ ደብቆት ነበር ነው የሚለው። ፖሊስ ጣቢያ ቁጭ ብለህ ስለ ካ እና ስለ ኳ ልታስተምር ነው?»

«ልጅቷ እኮ መግቢያ የላትም፣ አቶ ሙላቴ።»

«አንተስ ከዚህ ብትወጣ መግቢያ አለህ? በዚህ ዕድሜህ፣ ‹አጣሁት› እያልህ ማን ይቀጥርሃል?» አቶ ሙላቴ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። «እስከ ዛሬ የምትለውን በል። አዲስ ነገር አልጠየቅሁህም።»

አስናቀ ወደ ጠረጴዛው ሲመለስ ይህችኛዋን ቃል ሲያላምጥ ነበር። እንዴት ነው አዲስ ያልሆነው? ቃሉ ያው ነው፤ እስከ ዛሬ ግን አጥቶት ነበር።

በቀጣዮቹ ቀናት ሥራ መሥራት አቃተው። የሌላ ሰው ፎልደር ሊከፍት ይነሳና፣ እግረ መንገዱን ብርቱካን እዚያው መኖሯን አይቶ ይመለሳል። ምናልባት በራሷ ጊዜ ጠፍታ እንደሆነ ብሎ ደግሞ ይገባል። ለካ ኮምፒውተሩ ይቆጥርበታል። መጀመሪያ ከዝርዝሩ ግርጌ ብቅ አለች፣ ከዚያ መሀል ደረሰች፤ አርብ ጠዋት ገና ሲከፍተው ከሁሉ በላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችው። «ብዙ ጊዜ የሚገቡበት» ይላል ከላዩ።

ያን ዕለት ነው የእማማ ፈንታነሽ ድምፅ ከደጅ የተሰማው። የጥበቃውን ልጆች ጤና ይጠይቃሉ። ፊደል አልቆጠሩም፤ የልጃቸውን ፊት ግን ለማወቅ ፊደል አያሻቸውም። አስናቀ ስክሪኑን በሁለት እጁ ይዞ ፊቱን ወደ ራሱ አዞረው።

«እንዴት አደርህ፣ ልጄ?»

«ደኅና፣ እማማ። ይቀመጡ። እርስዎስ እንዴት ሰነበቱ?»

«ተመስገን። ጭቃው ነው እንጂ።» የያዙትን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ድንች ናት፤ ከወንድሜ ማሳ የወጣች። ደግሞ ጉቦ እንዳትመስልህ። አንተን በድንች የሚገዛህ ቢገኝማ ስንቱ በኩንታል ባመጣልህ።»

አስናቀ ሊስቅ ሞከረ።

«ብርቱካን እንሂድ ብላት እንቢ አለች። ሰውየው ይዋሽሻል ትለኛለች። ተጣላኋት። ‹አስናቀ አጣሁት ካለ አጥቶት ነው፤ የሰው ስም አታጥፊ› አልኋት። ጅዳ ከርማ ሰው ማመን ትታለች።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ባለቤቲቱ ክፍሏን ለልጇ ፈልጋዋለች። እስከ መስቀል ውጡ ብላናለች። እና እስቲ ደግመህ እይልኝ ልልህ ነው የመጣሁ።»

አስናቀ ማውዙን ጨበጠ። ብርቱካን ከስክሪኑ አናት ላይ ቀጥ ብላ ታየዋለች። እናቷም ከወዲያ ማዶ ያዩታል። ደግነቱ ማውዙ ድምፅ አለው፤ ባዶ ቦታ ላይ ሁለት ሦስቴ ጠቅ ጠቅ አደረገው።

«ይኸ ዕቃህ ደግሞ ዛሬ ምነው ፊቱን አዞረብኝ?» አሉ እማማ ፈንታነሽ እየቀለዱ። «ጥበቃው ባለጉዳይም ያየዋል ብሎኝ ነበር።»

«ፀሐይ እየመታው ነው፣ እማማ።»

እማማ ፈንታነሽ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከጉና የወረደው ጉም መንገዱን ውጦታል፤ ማዶ ያለው የቆርቆሮ አጥር እንኳ አይታይም። መብራት በጠዋቱ በርቷል። ብዙ ጊዜ ጉሙን አዩ። ከዚያ አስናቀን አዩት።

«ማህደሩንስ?» አሉ ቀስ ብለው።

«አጣሁት።»

ስንት ዓመት ያላት ቃል ናት፤ አፉ ለምዷት ምንም ሳትሰነክለው ወጣች።

አሮጊቷ የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ተነሱ። ፎቶውን ዛሬ ከመቀነታቸው አልፈቱትም። በሩ ላይ ሲደርሱ ዘወር አሉ።

«ደኅና ይዋሉ፣ አቶ አስናቀ» አሉት።

አንተ ሲሉት፣ ልጄ ሲሉት የኖሩ ሴት ናቸው። አንቱ ብለውት ወጡ።

ድንቹ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። አፈሩ ገና አልደረቀም። አስናቀ ጠርቶ ሊመልስላቸው አሰበና የት ዓይኑን እንደሚያደርግ ስላጣ ተወው። ስክሪኑን አየ። አሁንም አንደኛ ናት። ሊዘጋው ፈለገና ሳያስበው ገባባት፤ ይህም እንደሚቆጠርበት ወዲያው ትዝ አለው። ስልኩን አወጣ።

«ሄሎ፣ መሰረት። ይህን የጫንሽልኝን አውጥተሽ የድሮውን መመለስ ይቻልሻል?»

«ምነው ጋሼ፣ ያንን ሁሉ ተማሩ አይደል? የጠፋብዎት ነገር አለ እንዴ?»

«የለም» አለ አስናቀ። «ምንም አይጠፋበትም።»

«ታዲያ ምን አደረገዎት?»

ድንቹን በእጁ ገፋ አደረገው፤ ጠረጴዛው ላይ የአፈር መስመር ቀረ።

«ነገ ነይና የድሮውን መልሺልኝ» አለ።